ሰር ማይክል ራተር ስለ ልጅነት እጦት የነበራቸውን አቋም በኋላ ለውጠዋል?

ጥያቄ፦ ንባብ ወዳድ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ብሪታንያዊው የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ስለ ሰር ማይክል ራተር፣ የሥነ ልቦና ተማሪዎች የሚያነቡት አጠር ያለ የሕይወት ታሪክ እየጻፍሁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የሕይወታቸው መነሻ አላስቸገረኝም። አባታቸው ሐኪም ሆነው ይሠሩ በነበረባት በሊባኖስ በ1933 ተወለዱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲበረታ በ1940 ከእኅታቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ከወላጆቻቸው ርቀው በሰው ቤት እስከ 1944 አደጉ። በበርሚንግሃም ሕክምና አጥንተው በ1955 ከተመረቁ በኋላ ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል በሰር ኦብሪ ሉዊስ ሥር ሠለጠኑ። በ1973 የሕፃናት ሥነ አእምሮ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በብሪታንያ ይህን ማዕረግ ሲያገኙ የመጀመሪያው ናቸው። በ1987 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ፣ በ1992 ደግሞ የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጣቸው።

የተቸገርሁት መካከሉ ላይ ነው። በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕፃን ከእናቱ መለየቱ ብቻውን የማይሽር ጉዳት ያደርስበታል የሚለውን የብሪታንያዊውን የሥነ አእምሮ ሐኪም የጆን ቦውልቢን ትምህርት ተከራከሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከሮማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ወጥተው ወደ እንግሊዝ በጉዲፈቻ የመጡ ልጆችን ማጥናት ጀመሩ፤ የዚያ ጥናት ውጤት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የደረሰ እጦት እስከ ጉልምስና የሚዘልቅ አሻራ ይተዋል የሚል ነው። ረቂቄን ያነበበ አንድ ወዳጄ «ሰውዬው በስተርጅና ራሳቸውን ነው የሻሩት» አለኝ። እውነት እንዲህ ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ጋር ይያያዛል። አንድ ሰው የአንዲት ደሴት ልጆችን የአእምሮ ጤና መርምሮ፣ የለንደን ትምህርት ቤቶችን አወዳድሮ፣ የኦቲዝምን መንትዮች አጥንቶ፣ ወደ ዘረመል ምርምር ተሻግሮ ሲገኝ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስረው ክር ምንድን ነው? ወይስ እንዲሁ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠኑ ትጉህ ሰው ነበሩ ብዬ ልለፈው?


መልስ፦ ሐኪም ዘሕፃናት

ወዳጅዎ ያሉትን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ሆኖም የ1972ቱን መጽሐፍ ገልጦ ላነበበ አይጸናም።

በመጀመሪያ ክርክሩ ከምን እንደ ተነሣ ማየት ያስፈልጋል። ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት ሪፖርት፣ ሕፃን ልጅ ከእናቱ ወይም ቋሚ ሆና እናቱን ከምትተካ ሰው ጋር ሞቅ ያለና የማይቋረጥ ግንኙነት ካላገኘ የአእምሮ ጤናው ለከባድ ጉዳት እንደሚጋለጥ ጻፉ። ትምህርቱ በጎ ፍሬ አፍርቷል። ሆስፒታል የተኛ ልጅን ወላጆቹ እንደ ልብ እንዳይጠይቁት የሚከለክለው አሠራር እንዲላላ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ከባለሙያዎች ወጥቶ ወደ ሕዝብ ሲደርስ፣ ሥራ የምትሄድ እናት ልጇን ትጎዳለች፣ ለሁለት ሳምንት ከእናቱ የተለየ ልጅም ዕድሜ ልኩን ተጎድቷል ወደሚል ፍርድ ተለወጠ።

ራተር ያደረጉት «የእናት እጦት» በሚል አንድ ስም ሥር የታጨቁትን ነገሮች አንድ በአንድ መለያየት ነው። እናት ታምማ ሆስፒታል ስትገባ መለየት አለ፤ ወላጆች ሲፋቱ መለየት አለ፤ በሞት መለየት አለ፤ ከነጭራሹ ቋሚ አሳዳጊ ሳያገኙ በማሳደጊያ ውስጥ ማደግ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህን አንድ አድርጎ መቁጠር፣ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ አንድ ዓይነት በሽተኛ ነው እንደ ማለት ነው። መረጃውን ለያይተው ሲያዩት፣ ለጥቂት ጊዜ በሕመም ወይም በዕረፍት ምክንያት ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች ኋላ ላይ ከሌሎች የባሰ የጠባይ ችግር አልታየባቸውም። ችግሩ ጎልቶ የታየው መለየቱ ከጠብና ከንትርክ ጋር ሲመጣ ነው። ወላጁ በሞት የተለየው ልጅ ወላጆቹ እየተጣሉ ከተፋቱበት ልጅ ይልቅ ወደ ጥፋተኝነት የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። መለየት ራሱ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ፣ ሞት ከሁሉ የከፋ ውጤት ባስከተለ ነበር።

ሌላም ነገር አገኙ፤ እኔ በበኩሌ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለዕለት ተዕለት ሕክምና እጅግ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ስድስት የቤተሰብ ችግሮችን ለይተው ቆጠሩ፤ እነርሱም የወላጆች ከባድ ጠብ፣ ዝቅተኛ ኑሮ፣ በአንድ ቤት ውስጥ የሰው መብዛት፣ የአባት ወንጀለኛነት፣ የእናት የአእምሮ ሕመምና ልጁ ከቤት ወጥቶ በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር መግባቱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ያለበት ልጅ ምንም ከሌለበት ልጅ የተለየ አልነበረም። ሁለት ሲደረቡ ግን የአእምሮ ጤና ችግር የመያዝ ዕድሉ በአራት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ችግር ዝም ብሎ አይደመርም፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ አንዱን ማቃለል ብቻውን ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ሮማንያ እንምጣ። ራተር በ1972ቱ መጽሐፍ፣ አንድ ልጅ ያገኘውን ፍቅር ማጣቱና ከመጀመሪያውም አለማግኘቱ የተለያዩ መሆናቸውን አጥብቀው ጽፈዋል። የከፋው ሁለተኛው ነው ብለውም ነበር፤ ያኔ ግን ይህን የሚያረጋግጥ ወይም የሚያፈርስ ጠንካራ መረጃ አልነበረም። በ1989 መጨረሻ የሮማንያው አምባገነን የቻውሼስኩ መንግሥት ሲወድቅ፣ ከተወለዱ ጀምሮ በአልጋ ላይ ተጥለው፣ የሚያጫውታቸውና የሚያነሣቸው ጠፍቶ ያደጉ ሕፃናት በዓለም ፊት ተገለጡ። በ1990 እና በ1992 መካከል ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑት በጉዲፈቻ ወደ እንግሊዝ መጡ። ከእነዚህ 165ቱ በናሙናነት ተመርጠው፣ እዚያው እንግሊዝ ተወልደው ከስድስት ወር በፊት በጉዲፈቻ ከተሰጡ 52 ልጆች ጋር ተነጻጸሩ። አብዛኞቹ ሲደርሱ ክብደታቸው እጅግ ዝቅተኛ፣ እድገታቸውም ወደ ኋላ የቀረ ነበር።

በማሳደጊያው ከስድስት ወር ያነሰ ጊዜ የቆዩት አገግመው ከእንግሊዞቹ ልጆች ጋር ተስተካከሉ። ከስድስት ወር በላይ በቆዩት ላይ ግን በብዙዎቹ ችግሩ ጸና፤ ለማያውቁት ሰው ያለ ገደብ መቅረብ፣ ኦቲዝምን የሚመስል ጠባይ፣ ትኩረት ማጣትና ያለ ልክ መቅበጥበጥ ታየባቸው። ይህ እንግዲህ ለአጭር ጊዜ መለየትን አይመለከትም፤ ከመጀመሪያውም አለማግኘትን የሚመለከት ነው። በ1972 ከመረጃ ማነስ የተነሣ በጥንቃቄ ያስቀመጡትን ሐሳብ ከሃያ ዓመት በኋላ ፈተኑት እንጂ፣ አልሻሩትም።


መልስ፦ ባለ ስሌት

ከላይ የተሰጠው መልስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ዘግቶታል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ክሩን በርዕሶቹ ውስጥ ከፈለጉት አያገኙትም። ክሩ ያለው፣ አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ መገኘቱን እያዩ «ይህ ያንን ያመጣዋል ወይ?» ብለው በሚጠይቁበት መንገድ ላይ ነው። ሕፃናትን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን ለችግር ማጋለጥ አይቻልም። እንግዲያው ምክንያቱን ከውጤቱ ለመለየት የሚያስችል አጋጣሚ ተፈጥሮ ወይም ታሪክ እስኪያቀርብ መጠበቅና ሲገኝም ሳያሳልፉ መያዝ ያስፈልጋል። የራተር ሙያዊ ሕይወት ይህን ሲፈልግ የኖረ ሰው ሕይወት ነው።

ሥልጠናቸውም ለዚህ የተመቸ ነበር። ኦብሪ ሉዊስ ማስረጃ ሳይቀርብ የተናገረን ሰው የማይምሩ ጠያቂ ነበሩ፤ ራተርን ወደ ሕፃናት ሥነ አእምሮ ምርምር የመሯቸውም እርሳቸው ናቸው። ያን ዘመን የሕፃናት ክሊኒኮች በአብዛኛው የሚመሩት በሥነ ልቦናዊ ትንተና አስተሳሰብ ሲሆን፣ ቁጥር እዚያ እንግዳ ነበር። ራተር በ1961 ለአንድ ዓመት ወደ ኒው ዮርክ ሄደው የልጆችን እድገት ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ሠሩ፤ ተመልሰውም በሕክምና ምርምር ካውንስል ሥር ወደሚገኘው የማኅበራዊ ሥነ አእምሮ ክፍል ገቡ።

ከዚያ የመጣው የዋይት ደሴት ጥናት ነው። ደሴቲቱ ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት የምትገኝ ስትሆን፣ ጥናቱ የተጀመረው በ1964 ከጃክ ቲዛርድና ከኪንግስሊ ዊትሞር ጋር ነው። ቁም ነገሩ ወደ ክሊኒክ የመጡትን ልጆች አለመጠበቃቸው ነው፤ በተወሰነው የዕድሜ ክልል ያሉትን የደሴቲቱን ልጆች ሁሉ ነው ያጠኑት። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስተምራል። ወላጅ አንድ መጠይቅ፣ መምህር ሌላ መጠይቅ ይሞላል። የመምህሩ 26 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ «ብዙ ጊዜ ይጨነቃል»፣ «ጥፍሩን ይነክሳል»፣ «ብዙ ጊዜ ይዋሻል» የሚሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ፊት «አይመለከተውም»፣ «በመጠኑ ይመለከተዋል»፣ «በእርግጥ ይመለከተዋል» ከሚሉት አንዱ ይመረጥና 0፣ 1 ወይም 2 ነጥብ ይሰጣል። በመምህሩ መጠይቅ 9፣ በወላጁ 13 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ልጅ ለዝርዝር ምርመራ ይመረጣል፤ ከዚያ ሐኪም ወላጁንም ልጁንም ለየብቻ ያነጋግራል።

ልጁን ራሱን መጠየቅ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን የልጅ ቃል ለምርመራ ያስተማምናል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ራተርና ፊሊፕ ግራሃም ሁለት ሐኪሞች አንድን ልጅ በተለያየ ጊዜ ቢያነጋግሩት የሚደርሱበት ፍርድ ምን ያህል እንደሚቀራረብ በጥናት አሳይተው፣ በ1968 አወጡት።

የተገኘው ውጤት ሁለት ነገር አናወጠ። አንደኛው፣ ከ10 እና 11 ዓመት ልጆች መካከል ከመቶ ሰባት ያህሉ የሕክምና ባለሙያ ትኩረት የሚያሻው የአእምሮ ጤና ችግር ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ሕክምና ያገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው፣ ወላጅ ያመለከተውና መምህር ያመለከተው ልጅ በአብዛኛው አንድ ሰው አልነበረም። በቤት የሚያስቸግረው በትምህርት ቤት ጭምት ሊሆን ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። ኋላ ላይ በለንደን መካከለኛ ክፍል በአንድ ወረዳ ተመሳሳይ ጥናት ሲያደርጉ፣ የችግሩ መጠን በደሴቲቱ ከታየው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱንም በአብዛኛው ያብራሩት እነዚያው ከላይ የተጠቀሱት የቤተሰብ ችግሮችና የትምህርት ቤቶቹ ሁኔታ ናቸው። በ1979 የታተመው የ12 የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት የተወለደው ከዚህ ነው፤ ልጆቹ ሲገቡ የነበራቸውን ችሎታና ጠባይ ከግምት አስገብቶም በትምህርት ቤቶቹ መካከል ልዩነት መኖሩን አሳየ። የሕንፃው ዕድሜ ወይም ስፋት ልዩነቱን አላብራራም፤ መምህሩ ለክፍሉ መዘጋጀቱ፣ ልጆችን ማመስገኑና ኃላፊነት መስጠቱ ግን አብራርቷል። በዚህ ላይ አልቆይም፤ በስሌቱ ላይ በጊዜው ብዙ ተጽፏል።

ይህንኑ መንገድ በኋለኛው ዘመናቸውም አልተዉትም። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ብሪታንያን ባናወጠ ጊዜ፣ ጃፓን በ1993 ክትባቱን በሌላ ምክንያት ማቆሟን ልብ አሉ። ከጃፓናውያን ባልደረቦች ጋር በዮኮሃማ ከተማ አንድ ወረዳ ክትባቱ ከመቆሙ በፊትና ከቆመ በኋላ የተወለዱትን ልጆች መዝገብ አመሳከሩ። ክትባቱ ቆሞ የኦቲዝም ቁጥር መጨመሩን ቀጠለ። ጥናቱ በ2005 ወጣ። ከዚህ የሚያጥር ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

በአንጻሩ፣ አጋጣሚውን ሆን ብሎ የሚያበላሽ ሲያዩ ይቆጡ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት «ሹር ስታርት» የተባለውን ለድኻ ሰፈር ሕፃናት የተዘጋጀ ግዙፍ መርሐ ግብር በ1999 ሲጀምር አካባቢዎቹን በዕጣ ሳይደለድል መጀመሩን፣ በዚህም ምክንያት ጥቅሙን በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል ራተር በ2006 በግልጽ ጻፉ። የመርሐ ግብሩን ዓላማ አልተቃወሙም፤ ገንዘቡ ወጥቶ መልሱ አለመገኘቱ ነው ያሳዘናቸው።


መልስ፦ ተጠራጣሪው

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው የሚጽፉት የሕይወት ታሪክ እንጂ ገድል አይደለምና ሌላውንም ወገን ልጨምር።

የሮማንያው ጥናት ልጆቹን በዕጣ አልደለደለም። ወላጆች ከማሳደጊያው ልጅ ሲመርጡ ቀልጠፍ ያለውን ወይም ፈገግ ያለላቸውን መርጠው ሊሆን ይችላል። ከስድስት ወር በላይ የቆዩትም ቀድሞ ያልተመረጡት ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። በዚያው በሮማንያ ቡካሬስት በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን ግማሾቹን በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ አስገብተው ባያጠኑ ኖሮ፣ ይህ ጥርጣሬ እስከ ዛሬ በቆየ ነበር። የራተር ቡድን ድምዳሜ የጸናው በሌሎች ሥራ ታግዞም ነው፤ ይህ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ በ1994 የመሠረቱት የማኅበራዊ፣ የዘረመልና የእድገት ሥነ አእምሮ ማዕከል እንደ ሮበርት ፕሎሚን፣ ቴሪ ሞፊትና አቭሻሎም ካስፒ ያሉ ስመ ጥር ሰዎችን አሰባሰበ። ከዚያ ከወጡት ሥራዎች እጅግ የታወቀው በ2003 የታተመው ነው፤ ከሴሮቶኒን ጋር የተያያዘ አንድ የዘረመል ዓይነት ያለው ሰው መከራ ሲገጥመው ከሌላው ይልቅ ለድባቴ ይጋለጣል የሚል ነበር። ኋላ ላይ በብዙ ሺህ ሰዎች የተደረጉ ጥናቶች ይህን ውጤት ደግመው ማግኘት አልቻሉም። ራተር ከዚያ ጥናት ጸሐፊዎች አንዱ አልነበሩም፤ ሆኖም ዘረመልና አካባቢ እየተጋገዙ ይሠራሉ የሚለውን ሐሳብ በመጽሐፍም በንግግርም ሲያስፋፉ ያንን ግኝት እንደ ምሳሌ ይጠቅሱት ነበር። አጠቃላይ ሐሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምሳሌው ግን አልቆመም። ያለ ማስረጃ የሚናገረውን የማይምር ትምህርት ቤት ያሠለጠነው ሰው ላይ ይህን መጻፍ ነውር አይሆንም።

ደግሞ አንድ ነገር፤ በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ መላካቸውን ከምርምር ርዕሳቸው ጋር ለማያያዝ አይቸኩሉ። ከእናቱ የተለየ ልጅ አድጎ ስለ መለየት ጻፈ የሚለው ትረካ ሲያነቡት ያምራል፤ እርሳቸው ግን ያን ጊዜ በደግ ሰዎች ቤት ያሳለፉት መልካም ጊዜ እንደ ነበር የሚናገሩ ሰው ናቸው።


ንባብ ወዳድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የልጅነቱን ነገር ከርዕሱ ጋር ያሰርሁበትን አንቀጽ አወጣዋለሁ። የቀረኝ ኦቲዝም ነው። የ1977ቱ የመንትዮች ጥናት 21 ጥንዶችን ብቻ መያዙን አንብቤያለሁ። ባለ ስሌት የገለጹት ጥንቃቄ ያለው ሰው በ21 ጥንድ ላይ ተመሥርቶ የዘመኑን አስተሳሰብ መገልበጡ እንዴት ይታያል?


መልስ፦ ቀለም ቀንድ

በ21 ጥንድ ብቻ አልገለበጡትም፤ ከአሥር ዓመት በፊት መሬቱን ሲያለሰልሱ ቆይተዋል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኦቲዝም መንሥኤ የእናት ቅዝቃዜ ነው የሚለው ትምህርት በተለይ በአሜሪካ በብሩኖ ቤተልሃይም ብዕር ተስፋፍቶ ነበር። ልጇ የማይናገርላት እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ተከስሳ ትመለሳለች። ራተርና ባልደረቦቻቸው ሞድስሊ የታከሙ 63 ልጆችን፣ በዕድሜ፣ በፆታና በአእምሮ ችሎታ ከሚመሳሰሏቸው ሌሎች ልጆች ጋር እያነጻጸሩ ለዓመታት ተከታተሉ። በ1967 ያሳተሙት ውጤት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ያዘ፦ ከኦቲዝም ልጆቹ መካከል በርካቶቹ ለአቅመ ጉርምስና ሲደርሱ የሚጥል በሽታ ያዛቸው። የእናት ፊት መጥቆር ልጅን ሊያስከፋ ይችላል፤ በአሥራ አራት ዓመቱ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ነገር ግን አያመጣም። ነገሩ የአንጎል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር ብዙ አልነበረም።

ከዚያ ሱዛን ፎልስታይን የተባሉ ወጣት አሜሪካዊት ሐኪም ለንደን መጡና ከራተር ጋር መንትዮችን ፈለጉ። የዘመኑ ሊቃውንት ኦቲዝም በዘር አይተላለፍም ይሉ የነበረው፣ የኦቲዝም ልጅ ወንድም ወይም እኅት ተመሳሳይ ችግር ሲኖርበት የሚታየው ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ስለ ነበረ ነው። ቁጥሩ በእርግጥ ትንሽ ነው። ሆኖም በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የነበረው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ መሆኑን ሰው ዘነጋ፤ ሁለት በመቶ ከሩቅ ሲታይ ምንም ነው፣ ከአሥር ሺህ ጥቂት ሰው ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙ ነው። ተመልካቹ የሚያነጻጽርበትን ነገር ሳይመርጥ ቁጥሩን ብቻ ማየቱ ነው ያሳሳተው።

ከ21ዱ ጥንዶች 11ዱ ፍጹም ተመሳሳይ፣ 10ሩ ደግሞ እንደ ማንኛውም ወንድማማች የሆኑ መንትዮች ነበሩ። ከተመሳሳዮቹ በአራቱ ጥንዶች ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከሌሎቹ አንድም አልተገኘም። የንግግርና የመማር ችግርን ጨምረው ሲያዩ በተመሳሳዮቹ ዘንድ መጣጣሙ ከመቶ 82 ደረሰ፣ በሌሎቹ 10 ሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነቧቸው የዛሬው አስተሳሰብ ፍንጭ ያኔ እንደ ነበረ ያያሉ። የሚወረሰው በጠባቡ የተበየነው ኦቲዝም ብቻ ሳይሆን፣ ሰፋ ያለ ዝንባሌ ነው።

የተጠራጣሪው ዓይነት ሰው «አራት ጥንድ?» ማለቱ ተገቢ ነው፤ ራተርም ብለውታል። መልሳቸው አዲስ መንትዮች መጨመር ነበር። በ1995 አንቶኒ ቤይሊና ባልደረቦቻቸው ከራተር ጋር ያሳተሙት ሰፋ ያለ ጥናት በተመሳሳዮቹ ዘንድ መጣጣሙን ከመቶ 60፣ በሌሎቹ 0 አደረገው። ስድሳ መቶ አይደለምና ሌላም ነገር እንዳለ ያኔውኑ ተናገሩ። ይህ መካከለኛ ጊዜ ባዶ አልነበረም፤ የምርመራውን መስፈርት አንድ ወጥ ለማድረግ ከካትሪን ሎርድና ከአን ለኩቱር ጋር ለወላጆች የሚቀርብ ዝርዝር ቃለ መጠይቅ፣ ከሎርድ ጋር ደግሞ ልጁን በቀጥታ እየተመለከቱ የሚመዘኑበት መሣሪያ አዘጋጁ። ሁለቱም በምርምር ዓለም እስካሁን ይሠራባቸዋል። ለረቂቅዎ ከክርክሩ ይልቅ ይህኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ክርክር ያረጃል፣ ለሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ መለኪያ ግን ሌላው የሠራውን ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ያስችላል።


መልስ፦ ሐኪም ዘሕፃናት

ለመጨረሻው ክፍል ሁለት ነገሮች ላክል። በ2017 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የሮማንያ ልጆች የአዋቂነት ክትትል የተጀመረውን ታሪክ ያወሳስበዋልና አይዝለሉት። ከስድስት ወር በላይ በማሳደጊያ የቆዩት የአእምሮ ችሎታቸው በአብዛኛው አገግሞ ወደ መደበኛው ደርሶ ነበር፤ በአንጻሩ ድባቴና ጭንቀት በልጅነት ጎልተው ሳይታዩ ኖረው በአዋቂነት ብቅ አሉ። ከእነዚያው መካከል አንድ አምስተኛው ያህል በየትኛውም ዕድሜ የጎላ ችግር አልታየባቸውም። በ2020 የታተመው የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ የሮማንያዎቹ አንጎል ከእንግሊዞቹ ልጆች በአማካይ በ8.6 በመቶ የሚያንስ መጠን እንዳለው አሳየ። አብዛኛው ተጎድቶ አምስተኛው እንዴት ዳነ የሚለውን ጥያቄ ተማሪዎችዎ ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ ራተር ራሳቸው መልሱን እስከ ፍጻሜያቸው ሲፈልጉ ነበር።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ብዙ ጽሑፎች በ1998 ጡረታ ወጡ ይላሉ። በዚያ ዓመት የተዉት የምርምር ክፍሉን መሪነት ብቻ ነው፤ የእድገት ሥነ አእምሮ ፕሮፌሰርነታቸውን ይዘው ሲጽፉና ተማሪ ሲያማክሩ ቆይተው በይፋ ጡረታ የወጡት በ87 ዓመታቸው በ2021 አጋማሽ ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሞቱ። ረቂቅዎ ላይ «ከጡረታ በኋላ» ብለው የሮማንያውን ክትትል የከፈሉበት ንዑስ ርዕስ ካለ «ከአመራር በኋላ» ቢሉት ይሻላል።